ማንኪራ ጫካ ያቆምሽው ፒያኖ

ማስትዬ፣

ከሄድሽ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። አልቆጥርም ብዬ ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው መቁጠር በምን ይተዋል?

ቤታችን ደህና ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመታው ሌላ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ብትኖሪ ቁጭ ብለሽ ታዳምጪው ነበር። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጃችን ሕይወት አሁንም ጅማ ነርስ ናት፤ በየወሩ መጨረሻ ትመጣና ጓዳውን አገላብጣ፣ እኔን ተቆጥታ ትመለሳለች። ሳሎን ውስጥ ፒያኖሽ የነበረበት ቦታ ባዶውን ነው። የእግሮቹ ምልክት ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል። ወንበር እንኳ አላስቀመጥንበትም። ለምን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም፤ ግን ሁለታችንም ዞረን ነው የምናልፈው።

ይህን የምጽፍልሽ የቤት ወሬ ልነግርሽ ብዬ አይደለም። ያለፈው ቅዳሜ ማንኪራ ላይ የሆነውን ልነግርሽ ነው። ያን ለመንገር ደግሞ ከሩቅ መጀመር አለብኝ። ሌላ ሰው ቢያነበው ግድ የለኝም፤ ያንብበው።

አንቺን ያወቅኩሽ አባትሽ ጥበቃ ይሠሩበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እሑድ እሑድ ኦርጋኑ ላይ መዝሙር ትጫወቺያለሽ ብለውኝ ነበር። እኔ የመጣሁት ግቢውን ልለካ ነው። በመስኮት ሳይ ግን ወለሉ ላይ ተጋድመሽ ነበር። አንዱን የኦርጋን ቁልፍ በእንጨት ስንጥር ወጥረሽ እንዳይነሳ አድርገሽዋል፤ ያ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ አንቺ ከሥሩ ዓይንሽን ጨፍነሻል። ራስሽን የሳትሽ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። ዓይንሽን ሳትገልጪ በእጅሽ ዝም በል አልሽኝ። ዝም አልኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ወጥቼ ሜትሬን ዘረጋሁና አንዱን ጎን ሁለቴ ለካሁት።

ከዚያ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሽ፤ ከዚያ ጀርመን ስድስት ዓመት። ተመልሰሽ ስታገቢኝ ቦንጋ ሙሉ ተገረመ፤ ከሁሉም በላይ እኔ።

አዲስ አበባ ያቀረብሽውን የመጀመሪያ ኮንሰርት አልረሳውም። ፒያኖውን ከፍተሽ በአውታሮቹ መሀል ብሎን ሰካሽ፣ የጎማ ቁራጭ ሰካሽ፣ ከአባትሽ ቤት ያመጣሽውን የቡና ማድረቂያ ሽቦ ቆርጠሽ ዘረጋሽበት። ከዚያ ቁልፉን ስትነኪ የወጣው የፒያኖ ድምፅ አልነበረም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ጠጠር ይመስላል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ በሩቅ የሚያጓራ ሰው። በመሀል ረጅም ዝምታ ታደርጊያለሽ፤ አዳራሹ በሳል ይሞላል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ጥገናው መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መድረክ ላይ ሆነሽ ሳቄን እንደለየሽው የነገርሽኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። አልተቆጣሽም። «የፈራ ሰው ሳቅ ነበር» ብቻ ነው ያልሽኝ።

ልክ ነበርሽ። ውጭ አገር ያሉ አዳራሾች ይጠሩሽ ጀመር። በዓመት አንዴ ሁለቴ ትሄጃለሽ፤ የቀረውን ጊዜ ኮሌጅ እያስተማርሽ ቦንጋ ትጽፊያለሽ። ሰዎች ተነስተው እንዳጨበጨቡልሽ በፎቶ አያለሁ። እኔ ግን ቤት ውስጥ ስትለማመጂ ሰበብ ፈልጌ እወጣ ነበር። የሚያስወጣኝ ጩኸቱ አልነበረም። ዝምታው ነው። እጅሽን አንስተሽ ዝም ስትዪ፣ ከእኔ ውስጥ አንድ ነገር እየሰማሽ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

ልብሽን ያመመሽ ዓመት ነው። የስልክ ስክሪን ዓይኔን ያመኛል ስለምትዪ ኢሜይልሽን ቢሮ ሆኜ የማነብልሽ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጀርመን ደብዳቤ መጣ። የሥራዎችሽን ሙሉ ምሽት ሊያዘጋጁ፣ አንቺ ራስሽ እንድትጫወቺ ይፈልጋሉ። ሐኪሙ አትሂድ አላለም፤ ተጠንቅቃ ትሂድ ነበር ያለው። እኔ ግን ተቀምጬ እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ ወይዘሮ ማስተዋል በጤና ምክንያት ሙዚቃ አቁመዋል፤ ከእንግዲህ ባይጽፉላቸው ይሻላል። ላክሁት። ከዚያ ሪፖርቴን ጨርሼ ምሳዬን በላሁ።

ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። «አልጻፉም?» ትዪኛለሽ፤ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ግን አልጻፉም» እልሻለሁ። ከዚያ ጅማ ለምርመራ ሄደሽ ተመለስሽና መጠየቅ አቆምሽ። እኔ ደግሞ ተመስገን፣ ረሳችው አልኩ።

ፒያኖውን ጫካ አቆመዋለሁ ያልሽው በዚያው ሰሞን ነው። ቁልቁል ጎንበስ ብለሽ አውታሮቹን በጉጠት እየቆረጥሽ ስታወጪ አየሁሽ። ሁለት መቶ ምናምኑን አውጥተሽ ሰባት ብቻ አስቀረሽ። እነዚያን ሰባቱን ደግሞ አንድ በአንድ በሞረድ አሳሳሻቸው፤ አንዱን ብዙ፣ አንዱን ጥቂት። «ዝናብና ዝገት ይበጥሷቸዋል፤ የመጨረሻው ሲበጠስ ሥራው ያልቃል። የምጽፈው የመጨረሻ ሥራዬ ይሄ ነው» አልሽኝ። ቦታውን የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ፤ ማንኪራ፣ ጋሽ ገብሬ ቀፎ ከሚሰቅሉባቸው ዛፎች ሥር፣ ደልዳላውን ለክቼ ችካል የተከልኩት እኔ ነኝ።

መኪና የሚደርስበት ካበቃ በኋላ ስምንት ሰው በአጣና ተሸከመው፤ ጨርቅ ሸፍነንበት ነበር። በእግር መንገዱ የሚመጡ ሰዎች አስከሬን መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ደረቷን መምታት ጀመረች። ሰዉ ፒያኖ መሆኑን ሲነግራት ሳቀች፤ አንቺ ግን አልሳቅሽም። ሄደሽ እጇን ይዘሽ አመሰገንሻት። ተሸካሚዎቹ ወንዙ ዳር ሲያርፉ አጠገቤ ተቀመጥሽና፣ «አድማሱ፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?» አልሽኝ። «ምን እነግርሻለሁ?» አልኩሽ።

ሦስቱ አንቺ እያለሽ ተበጠሱ፤ ንቦችም ገብተው ሆዱ ውስጥ ሰፈሩ። ከዚያ ልብሽ ቆመ።

በቀብርሽ ማግስት ጋሽ ገብሬ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ትዝ ይሉሻል፣ ሲናገሩ ፒያኖውን ሴት ያደርጉታል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና ብዙ ቆይተው፣ «ኢንጂነር፣ ትናንት ያልመጣሁት ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ ጮኸች። አንዷ ሽቦ ሄደች። ንቦቹ ከውስጧ ወጥተው ላይዋ ላይ ተቀመጡ፤ አይበሩም፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።» ስድስት ሰዓት አፈር ያለበስንሽ ሰዓት ነው። ለሕይወት አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ዝገት ነው አልኩ፤ ዝገት ሰዓት አይመርጥም።

አምስተኛው ክረምቱ ሲወጣ ሄደ። ያን ቀንም ጋሽ ገብሬ ዛፍ ላይ ነበሩ። ጉሬዛዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓሩ ቆይተው ድንገት ሁሉም ዝም አሉ። አሞራ ያዩ መስሏቸው ሽቅብ ቢያዩ ሰማዩ ባዶ ነው። ጉሬዛዎቹ ግን ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ ፒያኖው ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ የጋሽ ገብሬ ሚስት በዚያ መንገድ አላልፍም ብላለች። ከብቶቹም ሲነዷቸው ይቆማሉ።

ስድስተኛውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ሄጄ ነበር። ፒያኖሽ ተለውጧል፤ ክዳኑ እንደ ድንጋይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ በቁልፎቹ መሀል ቅጠል ወጥቷል፣ ውስጡ ያሉት ንቦች ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ ሲያልፍ የሰው ማጉረምረም ይመስላል። ቆሜ ሰማሁ። እንደ ሌባ ዙሪያውን አየሁና ልመለስ ጀርባዬን ሳዞር ከኋላዬ ጮኸ። ጥይት እንኳ እንደዚያ አይደለም። ጥይት ያልቃል፤ ይሄ አላለቀም። በእግሬ ገብቶ በጥርሴ ወጣ። ዞሬ አላየሁም፤ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ፤ ባርኔጣዬ ከራሴ ወድቆ መንገድ ላይ ሲቀር አላነሳሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ገብሬ ባርኔጣውን ከተማ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። «ፒያኖዋ ላይ ረስተኸው» አሉኝ። እኔ የጣልኩት ወንዙ አጠገብ ነው። ጉሬዛ አንስቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ባርኔጣውን ግን እስካሁን አላደረግኩትም።

ባለፈው ወር ሕይወት ወረቀቶችሽን ስታደራጅ አንድ ጥቁር ደብተር አገኘች። ይዛልኝ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የአውታሮቹ ዝርዝር ነው። ከአንድ እስከ ሰባት፣ በዚያ በምታጋድሚው ጽሕፈትሽ፣ በአንድ እስክሪብቶ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፊት ለፊት «እኔ እያለሁ» ይላል። ከዚያ፦ አራተኛ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እኔ ሳልኖር። አምስተኛ፣ ጉሬዛዎቹ ዝም ሲሉ። ስድስተኛ፣ አድማሱ ጀርባውን ሲያዞር።

ማስትዬ፣ ቅደም ተከተሉ ይገባኛል። በሞረድ አብዝተሽ ያሳሳሽው ቀድሞ እንደሚበጠስ ማንም ያውቃል። ግን ሞረድ የሰው ጀርባ መዞሩን በምን ያውቃል?

ሰባተኛውን ሕይወት ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ። «አድማሱ ስለ ደብዳቤው ሲነግረኝ።»

ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል። ልጄን ቀና ብዬ ሳያት እያለቀሰች ነው።

«አባዬ፣ እማዬ ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ጅማ ለምርመራ የመጣች ጊዜ ስልኬን ተቀብላ ኢሜይሏን ከፈተች። አንተ የጻፍከውን አነበበች። ሁለቴ አነበበችና ስልኩን መለሰችልኝ። እንዳልነግርህ አስማለችኝ።»

«ምን አለች?» አልኳት።

«ምንም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዢልኝ አለች። ይሄ ነው እሱ።»

አወቅሽ ማለት ነው። አውቀሽ ሁለት ዓመት ያህል ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ በላሽ። መድኃኒትሽን ሳቀብልሽ አመሰገንሽኝ። ሲበርደኝ ጋቢውን ወደ እኔ ሳብሽ። አንድ ቀን እንኳ ፊትሽን አላጠቆርሽብኝም። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሌሊት አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ያን ሁሉ ደግነትሽን አንድ በአንድ እያነሳሁ አገላብጠዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ የሚጠብቅ ነገር ነበረ። ምን ያህል ጊዜ ዝም ብለሽ አየሽኝ! እኔ ዝምታ መስሎኝ፤ አንቺ ለካ እየጠየቅሽኝ ነበር።

አራት ቅዳሜ አሳለፍኩ። ዝናብ ነው አልኩ፣ ጉልበቴ ነው አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን ተነስቼ የአንድ ጎረቤት ሞተር ላይ ተፈናጠጥኩ፤ መንገዱ ካለቀበት በእግሬ ገባሁ። ደመናው መሬት ለመሬት ነበር የሚሄደው። የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር፤ ለሪፖርት እንደምዘጋጀው አድርጌ፤ መጀመሪያ ይሄን፣ ከዚያ ያን። ወንዙን ስሻገር ግን ሁሉም ጠፋብኝ። የወፍ ድምፅ የለም። የውሃው ድምፅ ራሱ ከእግሬ ሥር ሆኖ ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

ጋሽ ገብሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልተነሱልኝም።

«ሄደች» አሉኝ።

«መቼ?»

«አሁን። አንተ ወንዙን ስትሻገር ይመስለኛል፤ ኮቴ ሰምቼ ኢንጂነር መጣ ብዬ ልነሳ ስል ነው።» ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «እንደ ሌሎቹ አልጮኸችም» አሉ። «ቀስ ብላ ነው። ሰው ወሬ ልትነግረው ስትመጣ ‘እህ?’ ይልህ የለም? ቀጥል፣ ልስማህ ብሎ? እንደዚያ ነው ያለችው። ‘እህ?’ አለች።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሰባተኛው፣ ወፍራሙ፣ መዳብ የተጠመጠመበት፣ ለሁለት ተከፍሎ ጫፉ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄን ሳስጠጋው ቆመ።

ቀደምሽኝ። ልነግርሽ ስመጣ፣ ሳልነግርሽ ለቀቅሽው። ለምን እንደሆነ ሳስብ ሰንብቻለሁ። ሳልናገር እንድመለስ ነፃ አወጣሽኝ ይሆን? ወይስ መምጣቴን ሰምተሽ ነው? አላውቅም። እዚያ ቆሜ ግን እግሬ ወደኋላ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሥራው አልቋል፤ የሚሰማ አውታር የለም፤ ማን ያውቅብኛል? ያን ሳስብ አንገቴ ላይ ብርድ ተሰማኝ፤ ከኋላዬ ሰው የቆመ ያህል። ጋሽ ገብሬ ቀና ብለው ወደ ትከሻዬ አካባቢ አዩና፣ ምንም ሳይሉ ተነስተው ወደ ቀፎዎቻቸው ሄዱ። ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም። ልጠይቃቸውም አልፈልግም።

ነገርኩሽ። እንጨቱ ላይ እጄን አድርጌ የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገርኩሽ። ለጤናሽ ብዬ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ንቦቹ ድንገት ፀጥ አሉ። አቋረጥኩ። እንደገና ጀመርኩ። ለጤናሽ አልነበረም አልኩሽ። ቤት እንድትቀሪ ፈልጌ ነው። በዚያ አዳራሽ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰማሽን እኔ መስማት ስላልቻልኩ ነው። ሠላሳ ዓመት የተኛሁት ከማላውቃት ሴት ጋር እንደሆነ ሰዉ እንዳያውቅብኝ ነው። ይቅር በይኝም አልኩሽ፤ በቀብርሽ ቀን እንኳ ያላነባሁት ሰውዬ ጉንጬን ሽበት የለበሰ ክዳን ላይ አስደግፌ ተንሰቀሰቅኩ።

መልስ አልመጣም። ንቦቹም ወዲያው አልተመለሱም። ዝምታሽ ነበር፤ ያ መድረክ ላይ የምታደርጊው፣ እጅሽን አንስተሽ የምትይዢው። እንደ ድሮው ሰበብ ፈልጌ አልወጣሁም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር፤ እየፈራሁ ቆምኩ።

ጋሽ ገብሬ ሲሸኙኝ ፒያኖውን ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሚስታቸው ከፈራችው፣ ከብቶቹም ካላለፉ ብዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትቁም። ንቦቹ ቤት ሠርተዋል» አሉኝ።

ሕይወት ለጀርመኖቹ ሁሉንም ጽፋላቸዋለች፤ እኔ ያደረግኩትንም ጭምር። ደብተሩን ጠይቀዋል። ቅጂውን ትልክላቸዋለች፤ ዋናው እዚህ ይቀራል። ከሰባተኛው መስመር ጎን ዛሬ በእጄ ጨምሬበታለሁ፦ የተበጠሰው ከመናገሩ በፊት ነው፤ የተናገረው በኋላ ነው። እንዳይሳሳቱ።

ኮሌጁ በስምሽ መታሰቢያ ሊያደርግልሽ አስቧል። አስተባባሪው መጥተው እኔ የማነበውን አዘጋጅተውልኝ ሄዱ፤ ጆሮ የሚያረካ ጣፋጭ ዜማ የምትጫወት ሴት ነበረች ይላል። አላነበውም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማንም ሰው ጣፋጭ እንዲያደርግሽ አልፈቅድም። ተነስቼ ሚስቴ የምትጫወተው ያስፈራ ነበር፤ እኔም ፈርቼ አፏን ያዝኩ እላለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እሰማለሁ።

አድማሱ